ጀሪካን ኮት የሚለብስበት አገር

ጀሪካን ኮት ለብሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር ይለብሳል! ያውም በሚያዝያ፣ ሰዉ ሸሚዙን አውልቆ ከጥላ ጥላ በሚሯሯጥበት ወቅት። ከጎንደር ተነስታችሁ አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባህርን እያለፋችሁ ወደ መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ስትወርዱ፣ ከፊታችሁ የሚሄደውን የጭነት መኪና ጎን ልብ በሉ። ወፍራም ጆንያ በልኩ የተሰፋለት ጀሪካን ውሃ እያንጠባጠበ ይወዛወዛል። “ይኼን ምስኪን በዚህ ሙቀት ለምን አለበሳችሁት?” ብሎ የጠየቀ የደጋ እንግዳ አውቃለሁ። በቃል አልመለሱለትም። በጣሳ ቀድተው ሰጡት፤ ጠጣ፤ ጣሳውን አየ፤ ጀሪካኑን አየ፤ ሁለተኛ ጣሳ ጠየቀ።

ሲታወሰኝ ብቻዬን ያስቀኛል። በ1980ዎቹ ሸኸዲ፣ ዛሬ ገንደ ውሃ በምትባለውና የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ከተማ፣ እኛ ባደግንበት ግቢ ውስጥ በተሠራለት ሥራ ላይ የቆየ ዕቃ አልነበረም ማለት ይቻላል። የመኪናው ጎማ ባልዲ ነበር፤ ከላማዳሪው ተሰንጥቆ የአልጋ ጠፍር ሆኗል፤ የዱቄት ወተቱ ጣሳ ኩራዝ ነው፤ በርሜሉ ተዘርግቶ የኩሽና በር ነው። ዕቃ ወደ ግቢያችን ሲገባ ስሙን በሩ ላይ ጥሎ ነበር የሚገባው።

የጀሪካኑ ልብስ ሰፊ እማዬ ነበረች። የሰሊጥ ጆንያ ሲቀደድ አይጣልም። መጀመሪያ ይጣፋል፤ መጣፊያ ቦታ ሲያጣ ተቀዶ የጀሪካን ኮት ይሆናል፤ ኮቱ ሲበሰብስ የደጃፍ እግር መጥረጊያ፣ በመጨረሻም እሳት ማያያዣ። እማዬ ጆንያውን በጀሪካኑ ዙሪያ ጠምጥማ ትለካለች፣ መያዣው እንዲወጣ አንገቱ ላይ ትቀዳለች፣ ከዚያ በጆንያ መርፌና በሲባጎ ወገቡን ጥርቅም አድርጋ ትሰፋዋለች። “ካልተጣበቀ አያቀዘቅዝም” የምትለው ነገር ነበራት። ጎረቤት የሰፋውን ልል ኮት ስታይ ፊቷ ላይ የሚነበበው ንቀት! ቀሚስ ተበላሽቶባት እንኳ እንዲያ አትኮሳተርም።

ነገሩ ድግምት አይደለም። እርጥቡ ጆንያ ሲደርቅ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፤ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፣ ሙቀት ይዞ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚወስደው ሙቀት፣ በረዶ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ከአምስት ሊትር የሚበልጥ ውሃ እስከ መፍላት ለማድረስ ይበቃል። አየሩ በደረቀ ቁጥር ትነቱ ይፈጥናል። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍና ሰው ሁሉ ሲያማርር፣ ጀሪካኑ የዓመቱን ምርጥ ሥራ ይሠራል። ሐምሌ ላይ አየሩ ራሱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚጠግብ ኮቱ ሥራ ይፈታና ምስማር ላይ ይሰቀላል። ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ያሉት ሱዳኖች ይህንኑ በዚር ያደርጉታል፤ ሸክላው ራሱ ውሃ ስለሚያልብ ልብስ አያስፈልገውም። እኛም ቤት ዚር ነበረን፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር በእንጨት መቆሚያ ላይ። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውሃ ለጤና አዳሙ ነው፤ ከጤና አዳሙ የተረፈው ለዶሮዎቹ። ከዶሮዎቹ የተረፈ አላየሁም።

ናይጄሪያዊው መምህር ሞሐመድ ባህ አባ አንዱን የሸክላ ድስት በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ አትክልት ማቆያ በመሥራቱ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ተሸልሟል። እሰይ! ይገባዋል! ዘዴውን አሻሽሎ ለብዙ ድሃ ገበሬ አዳርሷል። እኔን የሚያስፈነድቀኝ ሌላ ነው፤ ያንን ፊዚክስ እማዬ በጆንያ መርፌ ስታስተምረን መኖሯ።

ይህ ሁሉ የድህነት ወሬ ነው እንዳትሉኝ። ድሃ ቤት ሞልቶ ነበር፤ ግን ሰሊጥ የተሸጠበት ሰሞን መተማ ገበያ ላይ የማይገዛ ነገር የለም። የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ የሱዳን ዕቃ ይመጣል፣ ከጎንደር የደጋ ዕቃ ይወርዳል። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ግቢም እንደኛው ጎማውን ባልዲ፣ ጣሳውን ኩራዝ ያደርግ ነበር። ምክንያቱ፣ ሌላ አገር የተሠራ ዕቃ መተማን አያውቃትም። ሙቀቷን አያውቅም፣ መረሬዋን አያውቅም፣ ከሁሉ በላይ ምስጧን አያውቅም።

አባዬ ይህን የተማረው በቁም ሳጥን ነው። ሰሊጡ የሰመረ ዓመት ላይ ከጎንደር የሚያብረቀርቅ የችፑድ ቁም ሳጥን አስጭኖ መጣ። ሰፈሩ ተሰብስቦ መረቀው፤ መስተዋቱ ፊት ያልቆመ ጎረቤት አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው እማዬ ነጠላዋን ልታወጣ በሩን ሳብ ስታደርግ በሩ እንዳለ እጇ ላይ ቀረ። ውስጡን ምስጥ ጨርሶት፣ ላዩን ቀለሙ ብቻ ተሸክሞት ቆሞ ኖሯል። እማዬ በሩን እንደያዘች ለአፍታ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው! አባዬም መቆጣት ጀምሮ መሃል ላይ ሳቅ አሸነፈው። በማግስቱ አንድ ዘለግ ያለ ሽመል ቆርጦ መጣና ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ከማገሩ ላይ አንጠለጠለው። ልብሳችን ሁሉ እዚያ ላይ ተሰቀለ። ምስጥ በአየር ላይ አይሄድም። መስተዋቱ ተርፎ ስለነበር ለብቻው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ የሰፈሩም ሰው መምጣቱን አላቆመም።

ከምስጥ ጋር የነበረን ጦርነት ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ምሰሶ ከመተከሉ በፊት መሬት የሚገባው ክንድ ያህሉ በእሳት ይለበለባል፣ ወይም ከጋራዥ የተለመነ የተቃጠለ ዘይት እስኪጠግብ ይቀባል። የአልጋው እግሮች እያንዳንዳቸው ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ፤ ጉንዳንም ጊንጥም ለመውጣት ዋና መቻል አለበት። ደግሞ መሬቱ! የመተማ መረሬ በክረምት ጫማ ያስወልቃል፣ በበጋ ጫማ ይውጣል። ስንጥቁ ውስጥ የገባ ነጠላ ጫማ በሽመል ተጎትቶ ሲወጣ የነበረው ሆታ አሁንም ይሰማኛል። እንዲህ ያለ አፈር ለግድግዳ አይሆንም፤ ሲደርቅ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ከደጋ ወርደው መተማና ቋራ የሰፈሩ ሰዎችም ከዚሁ አፈር ጋር ነበር የተዋወቁት፤ ደጋ ላይ የሚያውቁት ጭቃ እዚህ አልታዘዝ አላቸው።

መድኃኒቱ ያለው ጠላት ቤት ነው። ምስጥ ሸክላ የበዛበትን አፈር ከጥልቅ አውጥቶ በምራቁ እያጣበቀ ኩይሳ ይሠራል። ያንን ኩይሳ ትንዳለህ፣ ትደቁሳለህ፣ ጭድና እበት ጨምረህ በውሃ ታቦካለህ፤ ጥቂት ቀን ሲብላላ ሽታው ሩቅ ቢሰማም የማይሰነጠቅ ምርጊት ይወጣዋል። ምስጡ ቤታችንን ይበላል፣ እኛ የእሱን ቤት አፍርሰን ቤታችንን እንለስናለን። ሒሳብ ተወራረደ!

የምርጊት ቀን ማለት እኮ ሠርግ ነው። ደቦ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ልጆች እስከ ጉልበታችን ጭቃ ውስጥ እንገባለን። አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ ባልቴት ዱላቸውን ተደግፈው ከዳር ሆነው ያዙናል። “እርገጡ! እናንተ ልጆች፣ እስክስታ ነው ጭቃ ነው የያዛችሁት?” ሁለቱንም ነበር የያዝነው። ማታ ላይ ጓንግ ወንዝ ቢወስዱንም የማይለቅ ጭቃ ጆሯችን ውስጥ ይዘን እንተኛለን።

እዚህ ላይ ሳቄን ገታ አድርጌ አንድ ነገር ልበል። መተማና ሁመራ በካላ አዛር በሽታ የሚታወቁ ቦታዎች ናቸው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ቀን ቀን የምትደበቀው በመረሬው ስንጥቅ፣ በኩይሳ ቀዳዳና በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ትወጣለች። ስለዚህ እናቶቻችን በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ስንጥቅ እየፈለጉ የሚደፍኑት ለመስቀል እንግዳ ውበት ብለው ብቻ ቢሆንም፣ የጠቀመን ከውበት በላይ ነው። በሙቀቱ ምክንያት አልጋ አውጥቶ ደጅ የማደር ልማዳችን ግን አደገኛው ነበር፤ ያኔ አጎበር የሚባል ነገር ብርቅ ነው። የኒም ቅጠል እያጨስን ነበር የምንመካው።

አሁን ወደ ሳቁ ልመለስ፤ ግድግዳው ላይ ገና ጋዜጣ አልለጠፍንም!

ጋዜጣ የሚመጣው ከጎንደር ነጋዴዎች ጋር ነው፣ ሳሙናና ክብሪት ተጠቅልሎበት። ከጋላባት የሚመጣው ደግሞ የዓረብኛ ነው። ሁለቱም ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ የእኛ ቤት ቀኝ ግድግዳ አዲስ ዘመን፣ ግራው ዓረብኛ ነበር። ሙጫ አንገዛም። ከግራር ዛፍ ላይ እንባ መስሎ የደረቀውን ሙጫ ለቅመን፣ ግማሹን በልተን፣ የተረፈውን ለብ ባለ ውሃ እናሟሟዋለን። ይኸው ሙጫ ከሱዳን በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ይዞራል፤ የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች ጣዕሙ ከውሃው እንዳይለይ ይጨምሩታል። እኛ ጋዜጣ ከጭቃ እንዳይለይ ነበር የምንጨምረው።

እና ጨዋታው! አንዱ ከግድግዳው ላይ አንድ ቃል ይመርጥና ይጠራል፣ ሌላው ይፈልጋል። ኩራዙን ይዘን ከጥግ ጥግ፤ “ጭስ ነካው! አራቁት!” የሚል የእማዬ ጩኸት ከኩሽና ይከተለናል። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ ማንበብ የለመድኩት ግን እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። የተገለበጠ ጽሑፍ ሳይቀር አነብባለሁ፤ ከአልጋዬ ትይዩ ያለውን ገጽ ታላቅ ወንድሜ ዘቅዝቆ ነበር የለጠፈው። የሚያናድደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወሬው ልብ ላይ ሲደርስ “ወደ ገጽ 7 ዞሯል” ይላል። ገጽ 7 ደግሞ ከጀርባው ከጭቃው ጋር ተጣብቋል! እስከ ዛሬ መጨረሻቸውን ያላወቅኋቸው ብዙ ጉዳዮች አሉ።

የቆርኪውን ምንጣፍ ዝም ብዬ ባልፍ ይቀየመኛል። ከሻይ ቤቱ የተለቀመ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ጥርሱ ወደ ላይ ሆኖ በምስማር ሣንቃ ላይ ይመታል፣ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። የመረሬን ጭቃ ከጫማ ሥር የሚያስለቅቅ ከዚያ የተሻለ ነገር አላየሁም። የተረፈው ቆርኪ ዳማ መጫወቻ ነው። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን፤ ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኃይል ትንሽ ይቀሰቅሰዋል፣ ማታ ሬዲዮው ከኦምዱርማን አንድ ሁለት ዘፈን ካሰማን በኋላ እያጣጣረ ይሞታል። በማግስቱ ደግሞ ይሰጣል።

አጥሩስ? ግራርና ቁርቁራ ተቆርጦ ይከመራል፣ አለቀ። ጅብ ቢመጣ ያስባል፣ ሌባ ቢመጣ ሱሪውን ያስባል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ድርቡሽን ሲገጥሙ፣ ጠላት ከተማዋን የከለለው በእንዲህ ያለ የእሾህ አጥር ነበር። ሠራዊታቸው አጥሩን ጥሶ ገብቷል፤ እሳቸው ግን እዚያው ቆስለው ወደቁ፣ ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀረች። እኛ የዚያን አጥር ታናናሾች እየዘለልን ኳስ ስናወጣ የሚወጋን እሾህ ታሪክ እንዳለው የነገረን አልነበረም።

ዛሬስ? ዛሬ ሸኸዲ አስፋልት አላት፣ ፎቅ ጀማምራለች፣ ጂብሰም የተመታ ሳሎን ሞልቷል። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በላያችን አልፎ ገዳሪፍ ድረስ ዘልቋል። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ዚሩን ለአበባ ሰጥቶታል፤ መብራት በሄደ ቀን ግን አበባዋ ተነቅላ ዚሩ ወደ ሥራው ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ! የሚያሳዝነኝ ጆንያው ነው። አሁን ሰሊጥ የሚጫንበት ከረጢት አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ውሃ አይጠጣም። ከዚያ የተሰፋ ኮት ለመልክ እንጂ ለብርድ አይሆንም። እውነተኛ የቃጫ ጆንያ ያለው ሰው ዛሬ እንደ ድሮው ሊቀደው አይደፍርም። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ያ ድልድይ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው የሚሻገርበት ሆኗል። ስለ ቤት አሠራር ሳወራ እነሱም ትዝ ይሉኛል።

አዲስ አበባ የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ባለፈው ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። “አክስቴ፣ እዪማ! ምን ዓይነት ፈጠራ ነው!” አየሁ። አንዲት ፈረንጅ ጠርሙስ ላይ ጆንያ ትሰፋለች። ልቤ ዘለለ፣ እማዬን ያገኘኋት መሰለኝ! ሴትየዋ ሰፋች፣ ዳንቴል ጨመረች፣ ሪባን አሰረች፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ውሃ የለበትም። ሊኖርበትም አይደለም። “ምን ይሠራል?” አልኳት። “ያምራል” አለችኝ። ሳቄ አላስቆም ብሎኝ እሷም ሳታውቀው አብራኝ ሳቀች። ጎማ ላይ ገመድ ጠምጥመው ወንበር ያደረጉትን አሳየችኝ፣ ከባዛር ሊገዙት እንዳሰቡም ነገረችኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስጄ በርሜል ምድጃ፣ ጎማ በረባሶ ሲሆን አሳየኋት። እዚያ ያሉት ሰዎች ፈጠራ የሚለውን ቃል ለመጥራት ጊዜ የላቸውም፤ መዶሻው አያሰማም።

ድሮ ይሻል ነበር ብዬ ግን አላለቅስም። የሳር ክዳኑን የተውነው ሞኝ ሆነን አይደለም። በዚያ ንፋስ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሰፈር ታነድዳለች፤ ምስጡም በየጊዜው አስለውጡኝ ይላል። ቆርቆሮ መጣና ከሁለቱም ገላገለን። የረሳነው፣ ሳሩ ከዝናብ ብቻ ሳይሆን ከፀሐይም ይከላከለን እንደነበር ነው። መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር ላይ የሚበቃ ቆርቆሮ ቤት እዚህ ቀን ምድጃ ነው። ድሮ እማዬና ጎረቤቶቿ ቆርቆሮ መጀመሪያ ሲመጣ ወዲያው የገባቸው ይህ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት እየፈቱ፣ እየሰፉ፣ ከማገር ማገር ወጥረው በኖራ ቀብተው ኮርኒስ አደረጉት። አንዳንዱ ከላዩ የማሽላ አገዳ ይደረድርበት ነበር። አይጥ ትወዳዋለች፣ እሱን አልክድም። ቤቱ ግን ያስተኛል።

እንግዲህ ገንደ ውሃም ሆነ ኮኪት፣ ሽንፋም ሆነ ገለጉ ላይ ዘንድሮ ቤት የምትሠሩ ዘመዶቼ፣ ገንዘባችሁን ሁሉ ለቬንትሌተር አትጨርሱ። ቆርቆሮውን ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ፀሐይዋን መልሶ ይልካታል። ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ቦታ ተዉ፣ በሁለቱም ጎን ንፋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ቀዳዳ ክፈቱለት፤ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ አይጧም ትንኟም አትገባም። የግድግዳችሁን ስንጥቅ በየዓመቱ ድፈኑ፣ አጎበራችሁን ዘርጉ። ኒም የምትተክሉ ከሆነ ደግሞ ደጃፍ ላይ ለውበት ሳይሆን ከቤቱ በስተ ምዕራብ ትከሉት፤ የሚያቃጥለው የከሰዓቱ ፀሐይ የሚመጣው ከዚያ ነው።